ተመላላሹን በምን እንመዝነው?

ስለ ታዳጊ ተከላካዮች ምልመላ የቀረበ አስተያየት

ቅዳሜ ማለዳ ከገርጂ ወደ ጎሮ አቅጣጫ የሚጓዝ ሰው፣ በጅምር ሕንፃዎች መካከል በተረፈች አንዲት አቧራማ ሜዳ ዙሪያ ሕዝብ ተሰብስቦ ቢያይ ሊገረም አይገባም። የታዳጊዎች ምልመላ ነው። ከሲኤምሲ፣ ከአያት፣ ከኮተቤና ከቦሌ ቡልቡላ የመጡ ስድሳ የሚሆኑ ልጆች በአሠልጣኙ ፊት ይሰለፋሉ። በየአሥራ አንድ ይከፈሉና እያንዳንዱ ቡድን ሃያ ደቂቃ ይጫወታል። እኩለ ቀን ላይ የተመረጡት ልጆች ስም ይነበባል፤ የቀሩት ጫማቸውን በላስቲክ ከረጢት ይዘው ወደየቤታቸው ይመለሳሉ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ከተመልካቾቹ መካከል እኔም ነበርኩ። በቀኝ መስመር የተሰለፈ ቁመተ ረዥም ልጅ ሦስት ጊዜ ወደፊት ገሥግሦ ኳስ አሻማ፤ ከሦስቱ አንዱ ግብ ሆነ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ልጁም ተመረጠ። በግራ መስመር የተሰለፈው ልጅ ግን አጭርና ቀጭን ነበር። በእሱ በኩል ማንም አላለፈም። እሱም ሦስት ጊዜ በትክክለኛው ሰዓት ወደፊት ሮጧል፤ ነገር ግን ኳሱን የያዘው ጓደኛው ቀና ብሎ አላየውም። «አንተ ገና ልጅ ነህ፤ ስታድግ ተመለስ» ተባለ። ቀኝ መስመር ላይ የነበረው ልጅ ወደፊት በሄደ ቁጥር ከኋላው የተወው ቦታ ሁለት ጊዜ ለተጋጣሚ መግቢያ እንደሆነ ግን ከአጠገቤ ከቆሙት ሰዎች አንድም ያነሣው አልነበረም።

እኔ ስታትስቲክስ የማስተምር ሰው እንጂ የእግር ኳስ ባለሙያ አይደለሁም። አሠልጣኙንም አልወቅስም፤ በአንድ ማለዳ ስድሳ ልጅ እንዲመዝን የተጠየቀ ሰው ከዚህ የተለየ ሊያደርግ የሚችለው ነገር ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ ነገር ማሳየት ነው፤ ይኸውም የማጥቃት ዝንባሌ ያለውን ታዳጊ ተከላካይ በአንድ ቀን ሙከራ፣ ባሻማው ኳስ ብዛትና በቁመቱ መመዘን ከሳይንስ አንጻር ደካማ ዘዴ መሆኑን፣ የተሻለውም ዘዴ ከአንድ ደብተርና ከአንድ እርሳስ ያልበለጠ ወጪ የሚጠይቅ መሆኑን ነው።

ሄዶ የሚመለስ

በአማርኛ የእግር ኳስ ቋንቋችን የመስመር ተከላካዩን «ተመላላሽ» እንለዋለን። ስሙ ራሱ የሥራ ድርሻውን ይገልጻል፤ ተመላላሽ ማለት ሄዶ የሚመለስ ነው። ምልመላችን ግን ብዙውን ጊዜ መሄዱን ብቻ ይቆጥራል።

ለዚህ ምክንያቱ ግልጽ ነው። መሄድ ይታያል፤ መመለስ አይታይም። ወደ ግብ ያደረሰ ተሻጋሪ ኳስ ለሁሉም ዓይን ግልጽ የሆነ ድርጊት ነው። በአንጻሩ ጥሩ ተከላካይ ከሚያከናውናቸው ነገሮች አብዛኞቹ «ያልተከሰቱ» ነገሮች ናቸው። ቦታውን ቀድሞ ስለያዘ ያልተላከ ኳስ፣ መንገዱ ስለተዘጋበት ወደኋላ የተመለሰ አጥቂ፣ ሳይሞከር የቀረ ምት፣ እነዚህ ሁሉ በማንም መዝገብ ላይ አይሰፍሩም። ያልተከሰተን ነገር መለካት በየትኛውም የሳይንስ ዘርፍ ከባድ ነው። በክትባት ምክንያት ያልታመመውን ሰው በዓይን ለይተን ማሳየት እንደማንችል ሁሉ፣ በተከላካዩ ብቃት ምክንያት ያልገባችውንም ግብ ማሳየት አንችልም። ልናያት የምንችለው ብዙ ጨዋታዎችን መዝግበን ስናነጻጽር ብቻ ነው።

የመሄድ ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ እኛ ኢትዮጵያውያን ከብዙዎች በተሻለ ልናስታውስ ይገባል። ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመታት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ በቅቶ ደቡብ አፍሪካ በተገኘበት ጊዜ፣ ጥር 17 ቀን 2005 ዓ.ም. ከቡርኪና ፋሶ ጋር ተጫውቶ 4 ለ 0 ተሸንፏል። ከአራቱ ግቦች ሦስቱ የተቆጠሩት የቡርኪና ፋሶ ግብ ጠባቂ በቀይ ካርድ ከወጣ በኋላ፣ ማለትም ተጋጣሚያችን በ10 ሰው በሚጫወትበት ጊዜ ነበር። አንድ ሰው የጎደለበት ቡድን ሲገጥመን ሁላችንም ወደፊት እንሄዳለን፤ የሄድንበትን ያህል ቦታም ከኋላችን እንተዋለን። ይህ የአንድ ተጫዋች ጥፋት ነው ለማለት ሳይሆን፣ ማጥቃት ሁልጊዜ ሒሳብ ያለው ነገር መሆኑን ለማስታወስ ነው።

ከበረዶ ላይ የተገኘ ትምህርት

«አጥቂ ተከላካይን እንዴት እንመዝን?» የሚለውን ጥያቄ ለረዥም ጊዜ ሲያብላላ የኖረ ሌላ ስፖርት አለ፤ እሱም በአገራችን የማይዘወተረው የበረዶ ላይ ሆኪ ነው። በሆኪ አንድ ቡድን በሜዳው ላይ ከግብ ጠባቂው ሌላ አምስት ተጫዋቾች ይኖሩታል፤ ከአምስቱ ሁለቱ ተከላካዮች ናቸው። የቦስተን ቡድን ተከላካይ የነበረው ካናዳዊው ቦቢ ኦር እ.ኤ.አ. በ1969/70 የውድድር ዘመን አጥቂዎቹን ሁሉ አስከትሎ የሊጉ ከፍተኛ ነጥብ ባለቤት ሆነ። ተከላካይ እንዲህ ሲያደርግ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ሆኪዎች ለዚህ ዓይነቱ ተጫዋች አንድ ቀላል መለኪያ አላቸው። ተጫዋቹ በሜዳ ላይ እያለ ቡድኑ ግብ ሲያስቆጥር አንድ ይደመርለታል፤ ሲቆጠርበት አንድ ይቀነስበታል። ኦር እ.ኤ.አ. በ1970/71 ያስመዘገበው 124 የተጣራ ድምር እስከ ዛሬ ያልተደፈረ ክብረ ወሰን ነው። የዚህ መለኪያ ውበት መሄዱንም መመለሱንም በአንድ መዝገብ ማስፈሩ ነው። ተከላካዩ ሦስት ግብ አመቻችቶ በሄደበት ቦታ አራት ግብ ከተቆጠረ መዝገቡ ይህን አይደብቅም።

መለኪያው እንከን የለውም ማለት አይደለም። ጥሩ ጓደኞች ያሉት ደካማ ተጫዋች ጥሩ ቁጥር ያገኛል፤ ደካማ ጓደኞች ያሉት ጎበዝ ደግሞ ያለ ጥፋቱ ይቀጣል። ከእግር ኳሱ ዓለም የጋሬዝ ቤልን ታሪክ ማንሣት ይቻላል። በ17 ዓመቱ በግራ ተመላላሽነት ቶተንሃምን የተቀላቀለው ቤል በሊጉ በተሰለፈባቸው የመጀመሪያ 24 ጨዋታዎች ቡድኑ አንድም ጊዜ አላሸነፈም። በዚያን ጊዜ በውጤት ብቻ የመዘነው ሰው «ገደ ቢስ» ብሎ ባሰናበተው ነበር። ያ ተጫዋች ግን ኋላ ወደ መስመር አጥቂነት ተሸጋግሮ እ.ኤ.አ. በ2013 በወቅቱ እጅግ ውድ ከነበሩት ዝውውሮች በአንዱ ወደ ሪያል ማድሪድ ሄዷል። ስለዚህ የቡድኑን ውጤት ከተጫዋቹ ብቃት ለመለየት፣ ልጁ ካለባቸውና ከሌለባቸው ጨዋታዎች የተገኙትን መዝገቦች ማነጻጸር ያስፈልጋል።

ሃያ ደቂቃ ምን ይነግረናል?

ወደ ገርጂው ሜዳ እንመለስና ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። ሁለት ተመላላሾች አሉ እንበል። የመጀመሪያው ከተጋጣሚ አጥቂ ጋር በሚያደርገው የአንድ ለአንድ ፍልሚያ ከመቶ 70 ጊዜ ያሸንፋል፤ ሁለተኛው ከመቶ 50 ጊዜ ብቻ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ትልቅ ነው፤ አንደኛው ተስፋ የሚጣልበት፣ ሌላው ተራ ተጫዋች ነው። ነገር ግን በሃያ ደቂቃ ሙከራ እያንዳንዳቸው የሚገጥማቸው የአንድ ለአንድ ፍልሚያ አራት ብቻ ቢሆንስ?

የሁለትዮሽ ሥርጭት ቀመርን የተማረ ማንኛውም ተማሪ ራሱ ሊያሰላው ይችላል። ደካማው ልጅ ቢያንስ ከጎበዙ እኩል ውጤት የሚያመጣበት ዕድል 40 በመቶ ያህል ነው። በሌላ አነጋገር፣ ከአሥር የምልመላ ቀናት በአራቱ አሠልጣኙ ጎበዙን ከደካማው በውጤት ሊለየው አይችልም፤ እንዲያውም ከአሥሩ ከአንድ ጊዜ በላይ ደካማው ልቆ ይታያል። ፍልሚያዎቹ አራት መሆናቸው ቀርቶ መቶ ቢሆኑ ግን ስሕተቱ ከመቶ አንድ ጊዜ እንኳ አይደርስም። ልጆቹ ያው ልጆች ናቸው፤ የተለወጠው የናሙናው ብዛት ብቻ ነው።

ለግብ የሚሆን ኳስ ማቀበልን በተመለከተ ነገሩ የባሰ ነው፤ ድርጊቱ ብርቅ ነውና። አርባ ተመላላሾች አሉ፣ ችሎታቸውም ፍጹም እኩል ነው፣ እያንዳንዳቸው በአሥር ጨዋታ በአማካይ አንድ ግብ ያመቻቻሉ ብለን እናስብ። በፖይሰን ሥርጭት ስናሰላው፣ ከአሥር ጨዋታ በኋላ ሦስቱ ያህል ሦስትና ከዚያ በላይ ግብ አመቻችተው ይገኛሉ፤ አሥራ አምስቱ ያህል ደግሞ አንድም አላመቻቹም። ጋዜጠኛው ስለ ሦስቱ «አዲስ ኮከቦች» ብሎ ይጽፋል፤ አሥራ አምስቱ ተስፋ ይቆርጣሉ። በመካከላቸው ግን አንዳች የችሎታ ልዩነት አልነበረም።

ሦስቱ «ኮከቦች» በሚቀጥለው ዓመት ምን ይሆናሉ? አብዛኛውን ጊዜ ወደ ተራው ቁጥር ይመለሳሉ። ይህንን ክስተት እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን በ19ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ የወላጆችንና የልጆችን ቁመት ሲያጠና ነበር የገለጸው፤ በጣም ረዣዥም ወላጆች ልጆቻቸው በአማካይ ከእነሱ ያነሰ ቁመት ነበራቸው። እኛ ግን ለእንዲህ ዓይነቱ ወደ አማካይ የመመለስ ክስተት ሌላ ማብራሪያ እንፈልግለታለን። «ጠገበ»፣ «ገንዘብ አበላሸው»፣ «ዓይን በላው» እንላለን። ልጁ ሳይጠግብም፣ ሳይበላሽም፣ በዓይን ሳይበላም ቁጥሩ ሊወርድ እንደሚችል ሒሳብ አስቀድሞ ይነግረናል።

የልደት ቀንና የአጥንት ዕድሜ

ሁለተኛው የስሕተት ምንጭ ዕድሜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ካናዳዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሮጀር ባርንስሊና ባልደረቦቹ አንድ እንግዳ ነገር አስታወቁ። በአገራቸው ከፍተኛ የወጣቶች ሆኪ ውስጥ ከሚጫወቱት መካከል በዓመቱ የመጀመሪያ ሦስት ወራት የተወለዱት፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ከተወለዱት በብዙ ይበልጡ ነበር። ምክንያቱ ከዋክብት አይደሉም። የዕድሜ ክልሉ የሚቆረጠው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 በመሆኑ፣ በጃንዋሪ የተወለደ ልጅ በዲሴምበር ከተወለደው «እኩያው» በአንድ ዓመት ገደማ ይበልጣል። በልጅነት አንድ ዓመት ብዙ ነው። ትልቁ ልጅ ይመረጣል፤ ስለተመረጠ የተሻለ ሥልጠና ያገኛል፤ የተሻለ ስለሠለጠነ በሚቀጥለው ዓመትም ይመረጣል። ተመሳሳይ ውጤት ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች እግር ኳስ ታይቷል።

የዓለም አቀፉ እግር ኳስ የዕድሜ ክልሎችም የሚቆረጡት በዚያው ቀን ነው፤ በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 23 ላይ ይውላል። ስለዚህ በጥር የተወለደና በቀጣዩ ኅዳር የተወለደ ልጅ በአንድ ምድብ ይወዳደራሉ። በእኛ አገር ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል። የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ዛሬ 15 ዓመት የሞላው ልጅ የተወለደው ከዚያ በፊት ነው። የልደቱ ቀን «የጥምቀት ሰሞን» ወይም «ያ ክረምት በገባ በሁለተኛው ሳምንት» በሚል የእናት ትዝታ የሚታወቅ ልጅ ብዙ ነው። ሰነድ ሲጠፋ ዓይን ዳኛ ይሆናል፤ ዓይን ደግሞ ዕድሜን በቁመትና በጢም ይገምታል።

የልደት ቀኑ በትክክል ቢታወቅ እንኳ ነገሩ አያበቃም። ወንዶች ልጆች ቁመታቸው በፍጥነት የሚጨምርበት ጊዜ በአማካይ ወደ 14 ዓመት ገደማ ቢሆንም፣ አንዱ ቀድሞ በ12፣ ሌላው ዘግይቶ በ16 ሊደርስበት ይችላል። በአንድ ክፍል የተቀመጡ ሁለት የ14 ዓመት ልጆች በአካል ብስለት የሁለትና የሦስት ዓመት ልዩነት ሊኖራቸው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ፊፋ ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች በሆነው የዓለም ዋንጫ ላይ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ መመርመር የጀመረውም የአጥንትን ዕድገት አይቶ ዕድሜን ለማጣራት ነው። በልጅነት በክንዳችን አጥንት ጫፍ ላይ አጥንቱ የሚያድግበት ልስልስ ክፍል ይኖራል፤ ዕድገት ሲጠናቀቅ ይጠነክርና ከአጥንቱ ጋር ይዋሐዳል። ከ17 ዓመት በፊት ሙሉ በሙሉ ተዋሕዶ መገኘቱ እጅግ ብርቅ ነው።

ይህ ለተመላላሽ ምርጫ ልዩ ትርጉም አለው። ቀድሞ የጎለመሰው ልጅ በ14 ዓመቱ እኩዮቹን በፍጥነትና በጉልበት ያልፋቸዋል። ወደፊት ሄዶ ቢሳሳት እንኳ ሮጦ ይደርሳል፤ ስለዚህ ቦታ አያያዝ መማር አያስፈልገውም። ሌሎቹ በ17 ዓመታቸው ሲደርሱበት ግን ያልተማረው ነገር ይጋለጣል። ዘግይቶ የሚጎለምሰው ልጅ ደግሞ በሩጫ መድረስ ስለማይችል መቼ መሄድና መቼ መቅረት እንዳለበት ለማወቅ ይገደዳል። እኛ የምናሰናብተው ይህንን ልጅ ነው።

የጆርዲ አልባ ሕይወት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የባርሴሎና የታዳጊዎች ክፍል አልባን በ16 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2005፣ አካሉ ትንሽ ነው በሚል አሰናበተው። ልጁ ወደ አነስተኛ ክለብ ወረደ፤ ከዚያም ወደ ቫሌንሲያ ሄዶ ከመስመር አጥቂነት ወደ ግራ ተመላላሽነት ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ2012 በአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ለስፔን ግብ አስቆጠረ። በዚያው ዓመት ባርሴሎና ያሰናበተውን ልጅ 14 ሚሊዮን ዩሮ ከፍሎ መለሰው። ከሆኪው ዓለም ደግሞ ስዊድናዊው ኒክላስ ሊድስትሮም አለ። እ.ኤ.አ. በ1989 በሰሜን አሜሪካ ሊግ ክለቦች ወጣቶችን በተራ ሲመርጡ እሱ የተጠራው 53ኛ ሆኖ ነበር። የሊጉ ምርጥ ተከላካይ ሽልማትን ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘው በ31 ዓመቱ ሲሆን፣ በድምሩ ሰባት ጊዜ ወስዶታል። የተከላካይነት ብስለት ዘግይቶ ይመጣል፤ ችኩል መዛኝ አያገኘውም።

ባርሴሎና የተሳሳተውን በ14 ሚሊዮን ዩሮ ማረም ቻለ። እኛ የተሳሳትነውን በምን እናርማለን? ከገርጂ የተመለሰው ልጅ የሚወርድበት አነስተኛ ክለብ የለውም። የተመረጠውም ቢሆን «አሁንማ ተጫዋች ሆኛለሁ» ብሎ ትምህርቱን ካቋረጠና ከሁለት ዓመት በኋላ ከተቀነሰ፣ ሁለቱንም አጥቶ ይቀራል። በምልመላ ስሕተት የሚጎዱት ያልተመረጡት ብቻ አይደሉም።

ሜዳውና አየሩ

ሦስተኛው ጉዳይ የምንመዝንበት ቦታ ነው። በምሥራቅ አዲስ አበባ ሰፋፊ ሜዳዎች እያነሱ ሲሄዱ ልጆቻችን በኮንዶሚኒየም ብሎኮች መካከል ወይም በሰዓት በሚከራዩ አነስተኛ ሰው ሠራሽ ሜዳዎች ይጫወታሉ። በ40 ሜትር በ20 ሜትር ሜዳ ላይ አምስት ለአምስት ሲጫወቱ ለእያንዳንዱ ተጫዋች የሚደርሰው ስፋት 80 ካሬ ሜትር ነው። በ105 በ68 ሜትር ሙሉ ሜዳ ላይ ግን ለእያንዳንዳቸው 325 ካሬ ሜትር ያህል ይደርሳል። በአነስተኛው ሜዳ ላይ ኳስ መቆጣጠርና ማታለል ይለመዳል፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን የተመላላሽ ዋና ፈተና፣ ማለትም ከኋላ የሚቀረው 40 ሜትር ባዶ ቦታ፣ እዚያ ጭራሽ የለም። ዋናተኛን በበርሜል ውስጥ እንደመፈተን ነው። ከ60 ሺህ በላይ ተመልካች እንዲይዝ ታስቦ በ2008 ዓ.ም. ግንባታው የተጀመረው የአደይ አበባ ስታዲየም በዚሁ በቦሌ ክፍለ ከተማ ይገኛል። በእኔ አስተያየት ግን የትልቅ ስታዲየም ሣር የሚረግጠው ተጫዋች የሚገኘው በየሠፈሩ ሙሉ ሜዳ ተጠብቆ ሲቆይ ነው።

አየሩም ድርሻ አለው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። እዚህ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ያንሳል። ተመላላሽ ደግሞ ደጋግሞ በፍጥነት የሚሮጥ ተጫዋች ነው፤ ከአንዱ ሩጫ ወደ ሌላው ለማገገም ኦክስጅን ይፈልጋል። ከድሬዳዋ ወይም ከጋምቤላ ትናንት መጥቶ ዛሬ አዲስ አበባ ላይ የሚፈተን ልጅ በሦስተኛው ሩጫ ቢደክም፣ ሰውነቱ ከፍታውን ገና አልተላመደም እንጂ ሰነፍ አይደለም፤ መላመዱ ሳምንታት ይወስዳል። በተቃራኒው የአየሩ ጥግግት በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚያንስ ቦሌ ላይ የተመታ ረዥም ኳስ የሚገጥመው የአየር ተቃውሞም በዚያው መጠን ያነሰ ነው። እዚህ ልክ በሁለተኛው ቋሚ ላይ ያረፈ ተሻጋሪ ኳስ ቆላማ ከተማ ሲወርድ ሊያጥር ይችላል። ስለዚህ የፈተናው ቦታና ልጁ ከተማዋ የገባበት ቀን ከውጤቱ ጋር አብረው ሊመዘገቡ ይገባል።

የአሠልጣኝ ዓይንስ?

አንዳንድ አንባቢ «ልምድ ያለው አሠልጣኝ ዓይን ከአንተ ቁጥር ይበልጣል» ሊል ይችላል። ይህ መቃወሚያ ቀላል አይደለም። ልጁ ኳስ ከመቀበሉ በፊት ቀና ብሎ መመልከቱን፣ ከተሳሳተ በኋላ የሚያሳየውን ጠባይ፣ ጓደኛውን በድምፅ መምራቱን አሠልጣኙ ያያል፤ ቀላል ቁጥሮች እነዚህን አይዙም። ደግሞም ቁጥር በራሱ ሊያሳስት ይችላል። ያሻማው ኳስ ብቻ የሚቆጠርለት ልጅ ከፈለገም ካልፈለገም ማሻማቱን ያበዛል።

ይሁንና የዓይን ችግር አለማየቱ አይደለም፤ መርሳቱ ነው። ዓይን የመጨረሻውንና የደመቀውን ያስታውሳል። በጥቅምት የተሠራውን ስሕተት የግንቦቷ ግብ ትሸፍነዋለች። መዝገብ የአሠልጣኙን ዓይን አይተካም፤ ያየውን ይጠብቅለታል። ሐኪምም ልምድ ያለው ነው፤ ሆኖም የታማሚውን ካርድ ሳያይ አያክምም።

ምን እናድርግ?

በመሆኑም የሚከተለውን ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የአንድ ቀን ሙከራ የመጨረሻ ውሳኔ መሆኑ ይቅርና የመጀመሪያ ምዝገባ ይሁን፤ ልጁ ቢያንስ በአሥር ጨዋታ ይታይ። ሁለተኛ፣ በእያንዳንዱ ጨዋታ አምስት ነገሮች ይመዝገቡ፤ የተጫወተው ደቂቃ፣ ያደረገውና ያሸነፈው የአንድ ለአንድ ፍልሚያ፣ ወደፊት የሄደበት ጊዜ ብዛት፣ ከሄደ በኋላ ቡድኑ ኳስ ሲነጠቅ በጊዜ ተመልሶ ቦታውን መያዝ አለመያዙ፣ እሱ በሜዳ ላይ እያለ የተቆጠሩና የተቆጠሩበት ግቦች። ሦስተኛ፣ ቁመቱ በየሦስት ወሩ ይለካ። በፍጥነት እያደገ ያለና ገና ማደግ ያልጀመረ ልጅ በአንድ ሚዛን አይቀመጡ። አራተኛ፣ ከ16 ዓመት በታች ያለ ማንኛውም ልጅ «አትሆንም» አይባል፤ «ገና አላወቅንም» ይባል። ይህ የማጽናኛ ቃል አይደለም፤ ከላይ ባየነው ሒሳብ መሠረት እውነቱ ይኸው ነው። አምስተኛ፣ ልጁን የሚወስደው ክለብ ትምህርቱን እንዲቀጥል ግዴታ ይግባ።

«ይህን ሁሉ ማን ይመዘግባል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ እናንተ ናችሁ፤ ይህንን መጽሔት የምታነቡ የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች። የፕሪሚየር ሊጋችን ጨዋታዎች በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን በቴሌቪዥን በቀጥታ መተላለፍ ሲጀምሩ፣ ቤቱ ተቀምጦ አንድን ተመላላሽ ብቻ ለ90 ደቂቃ እየተከታተለ መመዝገብ የሚችል ሰው ተፈጠረ። የሠፈር ጨዋታን ለመመዝገብ ደግሞ ቴሌቪዥንም አያስፈልግም። ስታትስቲክስ የሚማሩ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ አጣን ሲሉ እሰማለሁ። ርእሱ ቅዳሜ ማለዳ በገርጂ፣ በአያትና በቦሌ ሚካኤል ሜዳዎች ላይ እየሮጠ ነው። የስፖርት ሳይንስ ተማሪው ቁመትና ፍጥነት ይለካ፤ የሒሳብ ተማሪው ያሰላ፤ የባዮሎጂ ተማሪው ዕድገትን ይከታተል። ከሦስት ዓመት በኋላ ስለ ልጆቻችን የምንናገረው ከሌላ አገር ጥናት ተውሰን ሳይሆን ከራሳችን መዝገብ ይሆናል።

ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ በአዲስ አበባ ላይ ያነሣችው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ ነው። ከዚያ ወዲህ «የድሮዎቹ የት ሄዱ?» እያልን በቁጭት የምንጠይቅ ብዙዎች ነን። ምናልባት ጥያቄው መለወጥ አለበት። የድሮዎቹ የት እንደሄዱ እናውቃለን፤ አርጅተዋል። የማናውቀው በየዓመቱ ከሜዳ ዳር «ስታድግ ተመለስ» ብለን የሸኘናቸው ልጆች የት እንደሄዱ ነው፤ ስማቸውን እንኳ አልጻፍንምና።

ያን የግራ መስመር ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ምልመላ ላይ ፈልጌው ነበር። አልመጣም። አድጎ እንደሆነም አላውቅም።